ዣንጥላውና አኮፋዳው

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አውራ ጎዳና በሰላሙ ጊዜ የተጓዘ ሰው ሁለት ዓይነት ልመና ያውቃል። አንደኛው የዣንጥላው ነው። መንገድ ዳር ባለ ጥልፍ ዣንጥላ ተዘርግቶ፣ ሥዕሉ ቆሞ፣ ጨርቅ ተነጥፎ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ይለመናል፤ አውቶቡሱ ዝግ ሲል ብር በመስኮት ይወረወራል። ሁለተኛው የአኮፋዳው ነው። ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ በአንድ እጁ ውሻ እየተከላከለ፣ በሌላው ቁራሽ ይቀበላል። ሁለቱም የሚለምኑት በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። የዣንጥላው ልመና ግን ቀን አለው፤ ጣሪያው ይመታል፣ ጉልላቱ ይሰቀላል፣ ታቦቱ ይገባል። የአኮፋዳው ልመና ስንት ዘመን ተሻግሮም አላለቀም።

ቤተ ክርስቲያን ካላት ሀብት ለድሃ የሚገባውን ያህል ትሰጣለች ወይ? የሚለው ጥያቄ በከተማ ሲነሣ ጨዋታው ቶሎ ይበላሻል። አንዱ «እሷ ራሷ ድሃ ናት፤ ካህኑ ምን በልቶ ያድራል?» ይላል። ሌላው ሕንፃውን፣ ወርቁንና የሱቅ ኪራዩን እየቆጠረ ይፎክራል። መቼም ሁለቱም ውሸታም አይደሉም። አንደኛው የገጠሩን ደብር፣ ሁለተኛው የከተማውን ነው የሚያየው።

በድሮው አባባል ሀገሩ ሲሶው ለነጋሽ፣ ሲሶው ለቀዳሽ፣ ሲሶው ለአራሽ ነበር። ይህን ሰምቶ ቤተ ክህነት የአገሩን ሲሶ በካዝና ቆልፋ ትኖር ነበር ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። በጎጃም ግን የሰሞን መሬት ማለት በአመዛኙ የአገልግሎት ዋጋ ነበር፤ የሚቀድሰው፣ ማሕሌት የሚቆመው፣ ድጓ የሚያስተምረው ሰው የሚኖርበት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን አከተመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትም ተወረሰ። ካህኑ ከዚያ ወዲህ እንደ ጎረቤቱ አራሽ ነው፤ ሌሊት ኪዳን አድርሶ ጠዋት በሬ ይጠምዳል። ስለዚህ የደምበጫን ገጠር ቄስ «ሀብትህን አካፍል» ማለት ቀልድ ነው።

እንዲያውም በዚያ አገር የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። ሰንበቴው አለ፤ ማኅበርተኛው ተራ ገብቶ ዳቦና ጠላ ያመጣል፣ ከቅዳሴ በኋላ ተማሪውም ነዳዩም ይቀምሳል። ዝክሩ አለ፣ ተዝካሩ አለ። ለቁራሽ የሚዘረጋ እጅ ባዶውን የሚመለስበት ደጅ ጥቂት ነበር። ዋሸራን፣ ዲማን፣ ጎንጅን የመሰሉት የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤ ቤቶች ስማቸው በአገሩ ሁሉ የናኘው በገበሬ ጓዳ ተደግፈው ነው። ድሃው ለቤተ ክርስቲያን ልጁን ጭምር ይሰጣል። ከማንኩሳ የሚነሣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ገና በመጀመሪያው የሚያሳየን ወላጆች አንድ ልጃቸውን በስእለት ለቤተ ክርስቲያን ሲያስገቡ ነው። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የምናየውን ምጽዋት ሁሉ በተቋሙ ሒሳብ ላይ ስንጽፍ የገበሬውን ውለታ ለሌላ እየሰጠን ነው። ቸርነቱ የምእመኑ ነው፤ ቤተ ክህነት ደጁን አበድራለች።

ተቋሙስ ከራሱ ኪስ ምን ያወጣል? የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በ1977ቱ ረሃብም ከዚያም በኋላ እህል አከፋፍሏል፣ ውኃ አስቆፍሯል። ይህን የሚክድ ግፈኛ ነው። ነገር ግን ኮሚሽኑ የሚሠራበት ገንዘብ በአብዛኛው የውጭ አጋሮች ነው። የውጭ ሰው የሚያበላልን ከሆነ በየደብሩ ሙዳየ ምጽዋት የሚገባው ብር ምን ይሠራል?

ሰበካ ጉባኤ የተደራጀው በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ ነው፤ ያቋቋሙትም የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። ሐሳቡ ታላቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በራሷ ልጆች መዋጮ እንድትቆም፣ ካህኑም ምእመኑም ሒሳቡን አብረው እንዲያዩ ነው። ዛሬ በትልልቅ ከተሞች በአጥቢያ ቅጥር ዙሪያ ሱቅ ይከራያል፣ ሕንፃ ይሠራል። ገንዘቡ የት ይገባል ለሚለው የዚህን ጸሐፊ ቃል ማመን አያስፈልግም፤ በ2005 ዓ.ም. የተሾሙት ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ራሳቸው በቤተ ክህነት ውስጥ ስላለው ሙስና በአደባባይ ደጋግመው ተናግረዋል። ደምበጫን የመሰለችው ትንሽ ከተማም ከትልቋ የምትማረው የሚታየውን ነው፤ ቆርቆሮው በኮንክሪት ይተካል፣ ድምፅ ማጉያው ይገዛል፣ መጋረጃው ይለወጣል። ጉባኤ ቤቱ ግን ያው የሣር ጎጆ ነው።

«የእግዚአብሔር ቤት ያምራል እንጂ ይጎሳቆላል ወይ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ማማሩን አልጠላም። ግን መልሱን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከምታከብራቸው አባቶች ታገኘዋለች። ዮሐንስ አፈወርቅ በቁስጥንጥንያ ሲሾም መጀመሪያ የቀነሰው የጳጳሱን ቤት ወጪ ነበር፤ በተረፈው ለሕሙማን ቤት አሠራበት። ባስልዮስ በቂሳርያ ረሃብ በገባ ጊዜ ሀብታሙን ጎተራ አስከፍቶ ድሆችን አበላ፤ ኋላም ለድሆችና ለበሽተኞች መጠለያ ሠራ። እነዚህን አባቶች በየዓመቱ እናከብራቸዋለን፤ የሒሳብ አያያዛቸውን ግን አልወረስንም።

በሌላው ዓለምም ሙግቱ አለ። አሜሪካ ዩታ ላይ የሚገኘው የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን 100 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ማከማቸቱ በ2019 እ.ኤ.አ. በአንድ የውስጥ ሰው ተጋለጠ፤ በ2023 ደግሞ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የያዘውን አክሲዮን በመሸሸጉ በድምሩ 5 ሚሊዮን ዶላር አስቀጣው። እዚያ ሰው የሚከራከርበት ቁጥር አለው። እኛ ዘንድ ሙግቱ በግምትና በሐሜት ነው፤ ይህም ሐቀኛውን የሰበካ ጉባኤ አባል ከሌባው ጋር አንድ አድርጎ ያሳማዋል።

ነገሩ ከሐሜት ያለፈው አሁን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግጭቱ ደምበጫንም ፍኖተ ሰላምንም አዳርሷል። መንገድ በተዘጋ፣ ገበያ በታጠፈ፣ ገበሬው ለራሱ ልጅ በሠጋ ቁጥር አኮፋዳው ባዶ ይመለሳል። ከሌላ አውራጃ የመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ዘመድ የለውም፤ ያለው የኔታና ደብሩ ነው። የኔታም እንደሱ በሰው ጓዳ አዳሪ ናቸው። ለጣሪያ ማሳደሻ በባንክ የተቀመጠ ብር ያለው አጥቢያ እንዲህ ባለ ጊዜ ስንት ኩንታል በቆሎ ገዝቶ ለጉባኤ ቤቱ አስገባ? ጣሪያው አንድ ክረምት ቢቆይስ?

ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ቆሞ ሒሳብ ያነባል፤ ለሲሚንቶ ይህን ያህል፣ ለምንጣፍ ይህን ያህል፣ ወደ ሀገረ ስብከት ፈሰስ የተደረገ ይህን ያህል። ያን ጊዜ ምእመኑ ጭብጨባውን ትቶ «ለተማሪው ስንት?» ቢል የሚነበብለት መስመር አለ ወይ? ቃለ ዓዋዲው ሒሳብ እንዲመረመር ያዛል፤ ምእመኑም ለዣንጥላው ብር የጣለ ባለ ገንዘብ ነውና ለመጠየቅ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።