የመጽሐፍ ገጽ በስልክ መስታወት ላይ

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ መገናኛ፣ ከዚያም በሲኤምሲ በኩል እስከ አያት በተዘረጋው መንገድ መጽሐፍ በሁለት መልክ ይዘዋወራል። አንደኛው ከወገቡ እስከ አገጩ መጻሕፍት ደርድሮ ከካፌ ካፌ የሚዞረው አዟሪ የሚያቀርበው የወረቀት መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ከስልክ ወደ ስልክ፣ በተለይም በቴሌግራም፣ ያለ ዋጋ የሚተላለፈው ነው። ደንበኛው ዋጋ ጠይቆ፣ የሽፋኑን ፎቶግራፍ በስልኩ አንሥቶ፣ መጽሐፉን ለአዟሪው ሲመልስ ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለመሆኑ ዲጂታል መጽሐፍ ተስፋፋ ሲባል የተስፋፋው ምንድን ነው? በአማርኛ የሚዘዋወረው አብዛኛው ቅጂ የታተመው ገጽ ፎቶግራፍ ነው፤ ይኸውም ፒዲኤፍ የሚባለው ነው። ለወረቀት ስፋት የተሰናዳ ገጽ በመዳፍ ልክ በሆነ መስታወት ላይ ሲወርድ ፊደሉ ይደቅቃል፤ ሲያጎሉት ደግሞ መስመሩ ከመስታወቱ ስለሚወጣ አንባቢው ገጹን ግራና ቀኝ ሲጎትት ሐሳቡ ይቆራረጥበታል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ብዙ መጻሕፍት የተለቀሙት ግን እንደ ቀድሞው ፓወር ግዕዝ ባሉ፣ የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው በሚሠሩ የፊደል ቅርጾች ነው። እንዲህ የተለቀመ ጽሑፍ ወደ ሌላ መሣሪያ ሲዛወር ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል፤ በውስጡም አንድን ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ አንባቢው የወረቀቱን ምቾት አጥቷል፤ የዲጂታሉንም ጥቅም አላገኘም።

አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት ሳለና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት የሥራው መብት እንዲጠበቅለት ደንግጓል። በነፃ የሚያሰራጩት ወገኖች መከራከሪያ የመጽሐፍ ዋጋ መናር ነው፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። የኅትመት ወረቀት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነውና፣ ምንዛሪው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ጫናው ለማተሚያ ቤትም ለአሳታሚም ተርፏል። ይሁንና መጽሐፉን በነፃ ያሰራጨው ሰው ወጪውን ደራሲው ላይ ጣለው እንጂ አላስቀረውም። በራሱ ገንዘብ አሳትሞ የመጀመሪያውን እትም ሽያጭ የሚጠብቅ ደራሲ፣ ቅጂው በሳምንቱ ሲበተን ለሁለተኛ መጽሐፉ የሚሆን ጥሪት አይኖረውም። እርግጥ፣ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ የተሰበሰበው የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወሩ ለመጽሐፉ ባለውለታ ነው፤ ከገበያ የጠፋን መጽሐፍ ማትረፍና በአዟሪው እጅ ያለውን መንጠቅ ግን አንድ ዓይነት ሥራ ተደርገው ሊታዩ አይገባም።

አዲስ መሣሪያ ሁሉ የመጽሐፍ ጠላት ነው ማለትም ስሕተት ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን “ፍቅር እስከ መቃብር” ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር ባለ መጽሐፍ ሆነ፤ መጽሐፉም ደጋግሞ ከመታተም አልተገታም። ዛሬ እንደ “ተራኪ” ያሉት፣ መጻሕፍትን በድምፅ በክፍያ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ይህንኑ ፈለግ የተከተሉ ናቸው፤ ከፎቶግራፍ ቅጂው ይልቅ የአማርኛ ዲጂታል መጽሐፍ ተስፋ በእነዚህ ዘንድ ይታያል።

ጉዳዩ እጅግ የሚከብደው በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ነው። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት በ2015 ዓ.ም. ኅትመታቸው ሳይደርስ በዲጂታል ቅጂ ተሰራጩ። ሥዕሉ፣ ሠንጠረዡና መልመጃው በወረቀት ልክ እንደተሰናዳ ወደ ስልክ ወረደ። ስልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ክፍል እንዲገባ አይፈቀድም፤ በቤትም የተማሪው የራሱ አይደለም። በገርጂ ወይም በሰሚት ኮንዶሚኒየም ሁለት ተማሪዎች ያሉበት ቤት ያለው አንድ ስልክ የእናትየው ከሆነ፣ እርሷ ማለዳ ወደ ሥራ ስትሄድ የሁለቱም መጻሕፍት አብረዋት ይወጣሉ፤ የቤት ሥራውም የሚጀመረው ማታ እርሷ ተመልሳ፣ ስልኩ ባትሪ ተሞልቶ፣ ታላቁ ሲጨርስ ነው።