የወርዋሪዋ እጅ

ቪዲዮውን መጀመሪያ ያሳየችኝ ልጄ ናት። ኪርያት አርዬ ጣቢያ ቆመን የቀዩን መስመር ባቡር እየጠበቅን ነበር። ስልኳ ላይ አንድ ቀጭን ውሻ በረጅም መድረክ እየበረረ መጣ፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ተወነጨፈ፤ አየር ላይ ተዘረጋ፤ ከዚያ ውሃ ውስጥ ገባ። ድገሚው አልኳት። ደገመችው። በሦስተኛው ግን ዓይኔ ከውሻው ላይ ተነሥቶ ጫፉ ላይ ወደቆመችው ሴት ሄደ። አሻንጉሊት ይዛለች። ውሻው ገና ሁለት እርምጃ ሲቀረው እጇ ተነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ዝላይ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜ ቀድሜ የማየው እጅ ነው።

እንጀራዬ ብረት ነው። አባቴ በጎንደር ገጠር ቀጥቃጭ ነበር፤ እኔ ደግሞ እዚህ ፔታ ቲክቫ፣ ኪርያት አርዬ የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ፣ ቶርኖ ላይ ቆሜ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ሰፈሩ የተሰየመው በአርዬ ሼንካር ነው፤ በዚህ አገር የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ፈር ቀዳጅና የአምራቾች ማኅበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበር። አርዬ በዕብራይስጥ አንበሳ ነው፤ የግእዙ «አርዌ» ዘመድ። ከፔታ ቲክቫ ተነሥቶ እስከ ባት ያም የሚዘልቀው ቀዩ መስመር እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በመስታወት ፎቆቹ መካከል የብረት ቤቶቹን ልብ የሚል ሰው ቀንሷል። እኔ ግን በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ሥራ ዓይኔን እንዳሠለጠነው አውቃለሁ። ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ጥሩ ሥራ ሲያይ ያቆመዋል፤ ሥራው የውሻ ዝላይ ቢሆንም።

ስፖርቱ ዶክ ጃምፒንግ ይባላል፤ ዶክ ዳይቪንግ የሚሉትም አሉ። ዶክ ማለት ጀልባ የሚታሰርበት፣ ውሃ ላይ የወጣ መድረክ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የእንስሳት ምግብ አምራቹ ፑሪና ባዘጋጀው የውሾች ውድድር ላይ ታየ፤ በ2000 የኢኤስፒኤን ቴሌቪዥን ጨዋታዎች ውስጥ ገባ፤ ዶክዶግስ የተባለው ማኅበርም ከዚያ ተወለደ። መድረኩ አብዛኛውን ጊዜ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከውሃው በላይ ያለው ከፍታ 2 ጫማ ነው፤ የሰው ጉልበት ቢያልፍ በትንሽ። የውሻው ጥፍር እንዳያንሸራትተው ወለሉ ምንጣፍ ወይም ጎማ ይለብሳል። ውሃው ቢያንስ 4 ጫማ ይጠልቃል። ዕቃው ይኸው ነው።

ልኬቱን ግን ልብ በሉልኝ፤ እኔን የማረከኝ እሱ ነው። ርቀቱ የሚቆጠረው ከመድረኩ ጫፍ አንሥቶ የውሻው ጭራ ከጀርባው የሚገጥምበት ቦታ ውሃውን እስከሚነካበት ድረስ ነው። አፍንጫ ቢለካ አንገተ ረጅሙ ሁሉ ያለ ልፋቱ ያሸንፍ ነበር። የጭራ ጫፍ ቢለካ ደግሞ ጭራው የተቆረጠና ያልተቆረጠ እኩል አይዳኙም ነበር። የጭራው ሥር ግን የገላው መጨረሻ ነው፤ እዚያ ላይ ማታለል የለም። ሌላም አለ፦ መለኪያው ከመድረኩ ጫፍ ስለሚጀምር አንድ ስንዝር ቀድሞ የተነሣ ውሻ ያቺን ስንዝር ይከፍላታል። ስለዚህ የኋላ እግሮቹ የት ላይ እንደሚያርፉ መወሰን አለበት። ጥሩ ባለቤት ውሻው በስንት እርምጃ ጫፉ ላይ እንደሚደርስ ቆጥሮ ያውቃል፤ የሚነሣበትን ቦታም በዚያው ልክ ያስተካክላል፤ ርዝመት ዘላይ አትሌት መንደርደሪያውን እንደሚለካው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሳውንደርስ የተባለ ውሻ 36 ጫማ ከ2 ኢንች፣ ማለትም 11.02 ሜትር ዘለለ። የሰው ልጅ ክብረ ወሰን ማይክ ፓውል በ1991 ቶኪዮ ላይ ያስመዘገበው 8.95 ሜትር ነው። ሁለቱን ማወዳደር ልክ አይደለም፤ ውሻው ከፍ ካለ ቦታ ተነሥቶ ዝቅ ያለ ውሃ ላይ ነው የሚያርፈው። ቢሆንም አሥራ አንድ ሜትር በእግራችሁ ለኩና ቆማችሁ ወደ ኋላ ተመልከቱ።

ሳውንደርስ ዊፔት ነው፤ ጥንቸል ለማሳደድ የተዳቀለ፣ ደረቱ ጥልቅ፣ ሆዱ ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ ቀጭን የእንግሊዝ ውሻ። ውሃ ለዚህ ዘር ተፈጥሮው አይደለም። ውሃ የላብራዶር ነው፤ ቅድመ አያቶቹ በኒውፋውንድላንድ ከዓሣ አጥማጆች ጋር የሠሩ፣ ፀጉሩ ውሃ የማያስገባ፣ ጭራው እንደ መቅዘፊያ የወፈረ። ላብራዶር ውሃ ውስጥ የሚገባው ውሃውን ፈልጎ ነው። ዊፔት ግን የሚሮጠውን ነገር ተከትሎ ይነሣል፤ ውሃው መንገድ ላይ ያገኘው ነገር ነው። በዝግታ ሲታይ አካሉ እንዴት እንደተሠራ ይገባችኋል። ውሻ የፊት እግሮቹን ከገላው ጋር የሚያያይዝ አጥንት እንደ እኛ የለውም፤ ትከሻው በጡንቻ ብቻ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ሲጋልብ ይሰበሰባል፣ ይዘረጋል፤ በአንድ የግልቢያ ዑደት ውስጥ የዊፔት አራቱም እግሮች ሁለት ጊዜ ከመሬት ይነሣሉ። ጫፉ ላይ የፊት እግሮቹ ገላውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ የኋላዎቹ ሁለቱ ጎን ለጎን ያርፉና ይገፋሉ። ከዚያ በኋላ ጀርባው እንደተለቀቀ ደጋን ይረዝማል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጉልበት ወዴት እንደሚልከው የሚወስነው እጅ ነው።

የአወራወሩ መላ ሁለት ነው። በአንደኛው ባለቤትየው ውሻውን ጫፉ ላይ ይዞ አሻንጉሊቱን ውሃው ላይ ይጥላል፤ ውሻውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ይለቀዋል። ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ውሻው የሚሄድበትን ያውቃል። ግን ዓይኑ ውሃው ላይ ስለተተከለ ገላውም ወደ ታች ያደላል። በሁለተኛው ውሻው ከኋላ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሰውየው ብቻውን ወደ ጫፉ ይሄዳል። ይጠራዋል። ውሻው እየጋለበ ሳለ ይወረውራል። ትልልቆቹ ርቀቶች የሚመዘገቡት በዚህኛው ነው፤ የእጅ ጥበብም የሚለየው እዚሁ ላይ ነው።

እጁ ከፈጠነ አሻንጉሊቱ ቀድሞ ውሃ ላይ ይወድቃል፤ ውሻው አፍንጫውን ደፍቶ ይከተለዋል፤ ዝላዩም መውደቅ ይሆናል። ከዘገየ ውሻው የሚከተለው ነገር ስለሌለ እርምጃው ይሰበራል። ዝቅ ብሎ ከተወረወረ ራሱን ያቀረቅራል። እጅግ ርቆ ከሄደ ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል፤ የሚደረስበት ነገር አይመስለውም። ልኩ አንድ ብቻ ነው፦ አሻንጉሊቱ ከአፍንጫው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከአፉ ትንሽ ርቆ፣ ከእሱ ጋር እኩል እየበረረ መሆን አለበት። ያን ጊዜ ውሻው «ልይዘው ነው» ብሎ ራሱን ቀና ያደርጋል፣ ደረቱን ይከፍታል፣ የኋላ እግሮቹን ይሰበስባል። ዝላዩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ሴትየዋ የወረወረችው ውሻው ላለበት ቦታ ሳይሆን ገና ለሚደርስበት ነው።

አባቴ ሲቀጠቅጥ ወናፍ የምነፋው እኔ ነበርኩ። ፍሙን በጊዜው ካላነቃሁት ብረቱ ይጠይማል፤ ካበዛሁት ይቃጠላል። አባቴ አያዘኝም ነበር። ትከሻው ሲነሣ አያለሁ፤ እጄ ያውቃል። መድረኩ ላይ ያለችውን ሴትና ውሻዋን ሳይ የማስታውሰው ያንን ነው። ሁለት ሆነው አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ለመነጋገር ግን ጊዜ የላቸውም።

በአገር ቤት ውሻ ደጅ ያድራል፤ ቤት ይጠብቃል፤ ከብት ይከተላል። ከእሱ ጋር ጨዋታ ማንም አላስተማረንም። ልጄ ግን እዚህ ተወልዳ ላብራዶር አሳደገች፤ ቴል አቪቭ ውስጥ ለውሾች ወደተተወው የባሕር ዳርቻም ትወስደዋለች። አንድ ቀን ኳሱን ለእኔ ሰጠችኝ። ወረወርኩ፤ ውሻው ቆሞ አየኝ። «አባዬ፣ ዘገየህ» አለችኝ፤ «ሲደርስ አይደለም፣ ሲመጣ ነው።» ከዚያ ወዲያ ያንኑ ውርወራ ስለማመድ ዋልኩ። ወደ ማታ ላይ አንድ ጊዜ ገጠመልኝ፤ ውሻው ማዕበሉን ተሻግሮ ኳሱን አየር ላይ ያዘው። ትከሻዬ ውስጥ የተሰማኝ ስሜት ብረት ልክ ሲገባ የሚሰማው ዓይነት ነው።

የዚህ ሙያ መሠረት ግን ውርወራው አይደለም፤ ተመልካችም አያየውም። ውሻ ለመድረክ ሲሠለጥን ከዝላይ በፊት የሚማረው መውጣትን ነው። ተንሳፋፊ ጃኬት ያለብሱታል፤ ከገንዳው በሚወጣበት ዘንበል ያለ መወጣጫ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ዞሮ በዚያው ይወጣል። ደግሞ ይገባል፤ ደግሞ ይወጣል። መውጫውን ያላወቀ ውሻ ውሃ መሃል ሲደርስ ይደናገጣል፤ አንዴ የደነገጠን ውሻ መልሶ ጫፍ ላይ ማቆም ከባድ ነው። መውጫውን ሲያውቅ ከዝቅተኛ ቦታ ይዘላል፤ ከዚያ ነው ወደ መድረኩ የሚወጣው። ይህ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል። ውድድር ላይ ደግሞ ጥብቅ ሕግ አለ፦ ውሻውን መግፋት ወይም አንሥቶ ውሃ ውስጥ መጣል ክልክል ነው። ጫፉ ላይ ደርሶ የቆመ ውሻ አይገደድም። ባለቤቱ ይንበረከካል፣ ይለምናል፣ አሻንጉሊቱን ያሳያል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ አብረው በእግራቸው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለውን መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በደንብ የሚሠሩት ሰዎች ውሻውን እየደባበሱት ነው የሚወርዱት። አሥራ አንድ ሜትሩ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነቶቹ እጆች ነው።

በፔታ ቲክቫ ውሻ የሚያሳድጉ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ሆይ፣ በጋ ሲመጣ ከእነሱ ጋር ወደ ባሕር ውረዱ። ኳሱን ከመወርወራችሁ በፊት ግን ውሻውን ጥልቀት በሌለው ቦታ አስገቡትና መውጫውን አሳዩት።