ነጠብጣብ የበሽታ ስም ነውን?

ስለ ተክል በሽታ በሚጻፉ የተማሪዎች ጥናቶች ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ልማድ ይታያል። ይኸውም ነጠብጣብ ያለባቸውን ቅጠሎችና ፍሬዎች ቆጥሮ፥ ከመቶ ይህን ያህሉ ታሟል ብሎ ማብቃት ነው። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ነጠብጣብ ምልክት እንጂ የበሽታ ስም ስላልሆነ፥ እንዲህ ያለው ጥናት ለአትክልቱ ባለቤት የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው።

ወልቂጤና ቡታጅራ በሚገኙበት በጉራጌ አገር ቡና ብዙውን ጊዜ በጓሮ፥ ከእንሰቱ አጠገብ ይተከላል። በዚያው ጓሮ ብርቱካን ሲኖር በሁለቱም ላይ የሚታየውን ነጠብጣብ በአንድ ስም መጥራት ይቀናል። ስሙ አንድ ሲሆን መድኃኒቱም አንድ ይመስላል፤ ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በቡና ቅጠል ላይ ዙሪያው ቡናማ፥ መካከሉ ነጣ ያለው ነጠብጣብ ሰርኮስፖራ ኮፊኮላ ከሚባል ፈንገስ የሚመጣ ነው። ይህም የሚበረታው ተክሉ ናይትሮጅን ሲያጥረውና ጥላ አጥቶ ፀሐይ ሲበዛበት ነው፤ ስለዚህ መድኃኒት ከመርጨት በፊት ፍግና ጥላ ሊታሰቡ ይገባል። በለጋው የቡና ፍሬ ላይ ጠቁሮ የሚሰረጉደው ግን ሌላ ነው። ይህ የቡና ፍሬ በሽታ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1922 በኬንያ፥ በ1971 ደግሞ በአገራችን ታወቀ። እርሱን ፍግ አይመልሰውም፤ ዋናው መከላከያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጅማ የምርምር ጣቢያ የተመረጡት በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዝርያዎች ናቸው።

የብርቱካኑ ነጠብጣብ ከሁለቱም ይለያል። ስዩዶሰርኮስፖራ አንጎሌንሲስ የተባለው ይህ ፈንገስ በ1952 ከአንጎላና ከሞዛምቢክ ተገለጸ፤ ኋላም በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተሠራጨ። ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ አየር ይስማማዋል፤ ቅጠልንም ፍሬንም ያረግፋል። ብናኙን ነፋስ ይወስደዋል፤ በታመመ ችግኝም ወደ ሩቅ አገር ይጓዛል። እንግዲህ የረገፈው ቅጠልና ፍሬ መለቀሙን፥ ችግኙም ከየት እንደ መጣ ያልጠየቀ ጥናት ዋናውን ጉዳይ ትቶታል ማለት ነው።

መቁጠር አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። የበሽታው ስፋት ያለ ቁጥር አይታወቅም። ሆኖም መለየት ከመቁጠር ይቀድማል። ዋግን ከአረማሞ ለይቶ የሚጠራ ገበሬ ባለበት አገር፥ ማይክሮስኮፕ በእጁ ያለ ተማሪ ሁሉን ነጠብጣብ ብሎ ቢያልፍ የሚያስነቅፍ ነው። ሁለት ሦስት እግር ብርቱካን ላለው ቤተሰብ የተሳሳተ ምክር ማለት የከንቱ መድኃኒት ዋጋና የጠፋ ምርት ነው። ስለዚህ ወደ ፊት የሚቀርበው ጥናት ነጠብጣቡ በየትኛው የተክሉ ክፍል ላይ እንደ ታየ፥ በየትኛው ወር እንደ በረታ፥ የጥላውንና የፍጉን ሁኔታ፥ የችግኙንም ምንጭ መዝግቦ፥ ከዚያ በኋላ ከመቶ ስንት ቢለን ቁጥሩ ትርጉም ይኖረዋል።