«እዚያ ሲደርሱ ይጠይቁ»፦ የፒያሳ መንገድ ጠቋሚዎችና ችግር የመፍታት ትምህርታችን

ስለ አዲስ አበባ አድራሻ የሚጻፈው ወቀሳ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ጎዳናው ስም፣ ቤቱ ቁጥር የለውምና ሰዉ በደመ ነፍስ ይዞራል። ቁጥሩ ግን አለ። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ የተቋቋሙት ቀበሌዎች ለየቤቱ ቁጥር ሰጥተዋል፤ መታወቂያ ላይም ይጻፋል። በቁጥሩ ቤት የሚፈልግ ሰው ግን ከስንት አንድ ነው። ታዲያ እንግዳ ሰው ፒያሳ ላይ የሚሻውን ቤት የሚያገኘው በምን ብልሃት ነው? የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁራኖቻችን ይህን ጥያቄ ቢያነሱት ኖሮ፣ ከውጭ መጽሐፍ የሚገለብጡትን ነገር ደጃፋቸው ላይ ባገኙት ነበር።

ሂዩሪስቲክ የሚባለው ወደ መልስ የሚያቀርብ፣ ለመድረስ ግን ዋስትና የማይሰጥ ብልሃት ነው። ጆርጅ ፖሊያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ተማሪው ራሱን እንዲጠይቅ የሚያደርጉ ጥያቄዎችን አቀረበ፦ የሚፈለገው ምንድን ነው? የሚታወቀውስ? ይህን የሚመስል ከዚህ በፊት ገጥሞሃል? ኸርበርት ሳይመን በበኩሉ ሰው አማራጩን ሁሉ እንደማይመረምር፣ የሚበቃውን ሲያገኝ ፍለጋውን እንደሚያቆም አስረዳ። ለዚህ መጽሔት አንባቢ ይህ አዲስ አይደለም።

ሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት የሚፈልግ እንግዳ ሊስትሮ ዘንድ ቢቆም፣ ሊስትሮው መንገዱን ከመናገሩ በፊት «ጊዮርጊስን ያውቁታል?» ይላል። ካላወቁት «ደጎል አደባባይስ?» ብሎ ይቀጥላል። ፖሊያ ከታወቀው ተነሣ ያለውን እሱ በሁለት ጥያቄ ጨረሰው። ከዚያ እስከሚቀጥለው ምልክት ያለውን ብቻ ተናግሮ «እዚያ ሲደርሱ ይጠይቁ» ይላል።

ይህችን ማሳረጊያ ብዙዎች እንደ ስንፍና ይቆጥሯታል። ለእኔ ግን ከመመሪያው ሁሉ የታሰበባት እሷ ናት። አምስት መታጠፊያ በአንድ ትንፋሽ ቢነገረው እንግዳ ሦስተኛው ላይ ይጠፋዋል፤ ሊስትሮው የእንግዳው ጭንቅላት የሚሸከመውን ያህል ብቻ ሰጠው። የመጨረሻዋን ቅያስ ደግሞ ከእሱ ይልቅ እዚያው አጠገብ ያለው ባለሱቅ ያውቃታል። ስህተት ቢፈጠር እንኳ በአንድ ምልክትና በሌላው መካከል ይያዛል እንጂ እስከ መጨረሻው አይከተልም። ትልቁን ጥያቄ ወደ ትናንሽ ግቦች መክፈል ሲባል የምንሰማው ይኸው ነው። ጠያቂውም የራሱ ጥበብ አለው፦ የሚሮጠውን አልፎ የተቀመጠውን ይጠይቃል። ሊስትሮ፣ ጥበቃ፣ በር ላይ ያለ ባለሱቅ ቀኑን ሙሉ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ስለሚውል፣ እኔ በበኩሌ ከየትኛውም ካርታ በፊት እሱን አስቀድማለሁ።

ተዳፋቱም ሥራ አለው። የፒያሳ ሰው ሰሜንና ደቡብ ከማለት ይልቅ «ወደ ላይ»፣ «ወደ ታች» ማለት ይቀናዋል። ከማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ይዞ ወደ ለገሃር ውረድ የተባለ ሰው ዳገት ከጀመረው፣ መሳሳቱን እግሩ ይነግረዋል፤ መመሪያው ማረሚያውን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ይሁንና ከደጎል ወደ ራስ መኮንን ድልድይም ቁልቁለት ስለሆነ «ወደ ታች» ብቻውን አይበቃም። ወደ አራት ኪሎ የሚሄደው ደግሞ ድልድዩ ድረስ ወርዶ ነው የሚወጣው። ሰዎች ከግባቸው የሚያርቅ የሚመስል እርምጃ ለመውሰድ እንደሚቸገሩ የችግር አፈታት ተመራማሪዎች ጽፈዋል፤ «መጀመሪያ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ይወጣሉ» የምትለው የፒያሳ አነጋገር ይህንኑ ችግር አስቀድማ ትፈታለች።

ጉድለቱን መሸፋፈን አያስፈልግም። ትቨርስኪና ካነማን እ.ኤ.አ. በ1974 አቋራጭ ብልሃቶች የራሳቸው ቋሚ ስህተት እንዳላቸው አሳይተዋል። የፒያሳው ስህተት ግን ምንጩ ይሉኝታ ነው። «አላውቅም» ማለት እንግዳን እንደ ማሳፈር ስለሚቆጠር፣ የማያውቀውም እጁን ዘርግቶ አንድ ወገን ይጠቁማል። ይህ ደግነት መስሎ የሚኖር ጥፋት ነው፤ ቦታውን የለመዱ ሁለተኛ ሰው የሚጠይቁት ስለዚህ ነው። ሌላው ጉድለት ምልክቱ ሲፈርስ ብልሃቱም አብሮ መናጋቱ ነው። በ2016 ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ፣ «ከዶሮ ማነቂያ ወረድ ብለው» ለሚል ሰው የሚይዘው መነሻ ቀረ። በዚያው ዓመት የካቲት የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ገዝፎ ይታያልና ለዋናው መንገድ ምልክት ይሆናል፤ ለጓሮ ቅያስ ግን አይረዳም።

በትምህርት ቤቶቻችን የሚሆነው ከዚህ የባሰ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታት ችሎታን ግብ አድርጎ ከያዘ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የፖሊያ መጽሐፍ የያዛቸው አራት የችግር አፈታት ደረጃዎች ግን ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ይገለበጣሉ፤ ፈተና ላይም «አራቱን ደረጃዎች ዘርዝር» ተብለው ይመጣሉ። መፈለጊያውን ሸምድዶ ምንም ያልፈለገ ተማሪ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ይህን ችግር ፈቺ ትምህርት ብሎ መጥራት ማላገጥ ነው፤ ሊስትሮው እንዲህ ከሚፈትን መምህር የተሻለ ያስተምራል።

የሂሳብ መምህራን የሚያሠለጥኑ ኮሌጆች «ዘርዝር» የሚለውን ጥያቄ ከፈተና ያውጡት። በምትኩ ሠልጣኞቻቸውን ስልካቸውን አስቀምጠው ፒያሳ ይላኳቸው፤ እየጠየቁ አንድ ቤት ያግኙ፣ የተነገራቸውንና የሳቱበትን ቦታ ጽፈው ይምጡ። የድሮውን ምልክት የሚያውቁ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተነሥተዋልና ሥራው ዘንድሮ ቢጀመር ይሻላል።