ከኮሮጆ የወጣ ድምፅ

በፈረንሳይኛም በአማርኛም አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ፈረንሳዮች ከሰው ጉሮሮ የሚወጣውንም በምርጫ ቀን የሚቆጠረውንም «ቯ» ይሉታል፤ በአማርኛም ሁለቱም ድምፅ ናቸው። የተቆጠረ ድምፅ ሁሉ ግን የተሰማ ድምፅ አይደለም። አገሪቱን ለሁለት በከፈሉት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች ይህን ክፍተት ከቴሌቪዥን ተንታኞች ይበልጥ ያሳዩት ሁለት ጸሐፊዎች፣ ዲዲዬ ኤሪቦንና ኤዱዋር ሉዊ ናቸው።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 21 ቀን 2002 በተካሄደው የመጀመሪያ ዙር የቀኝ አክራሪው ዣን-ማሪ ሌፔን 16.9 በመቶ፣ ሶሻሊስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዮኔል ዦስፓን 16.2 በመቶ አገኙ። ልዩነቱ 200,000 ድምፅ አይሞላም። በምርጫው ዋዜማ በኦርሌአን ከተማ የተደበደቡና ቤታቸው የተቃጠለባቸው አንድ አዛውንት የቆሰለ ፊት በቴሌቪዥን ደጋግሞ ታይቶ ነበር። ብዙዎችም «ሌፔንን ለሁለተኛው ዙር ያበቃው ይህ ምስል ነው» አሉ። ክሱ መሠረተ ቢስ አይደለም። የፈረንሳይ ደንብ የእጩዎችን የንግግር ደቂቃ ያስቆጥራል፤ ለወንጀል ወሬ የተሰጠውን ሰዓትና ለተዘጋ ፋብሪካ የተነፈገውን ሰዓት ግን አያመዛዝንም። ፒየር ቡርዲዩ በ1996 ስለ ቴሌቪዥን ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የወንጀልና የአደጋ ወሬ ዜጋው ሊያውቀው የሚገባውን ጉዳይ ከመስኮቱ እንደሚገፋ አስቀድሞ ጽፎ ነበር።

ይሁንና ክሱ የራሱ አድልዎ አለው፤ መራጩን ያፈሰሱበትን ሁሉ የሚቀበል ባዶ እንስራ ያደርገዋል።

የኤሪቦን «ወደ ራንስ መመለስ» (2009) እንስራው ባዶ እንዳልነበረ ያሳያል። ኤሪቦን አባቱ ሲሞቱ ወደ እናቱ ይመለሳል። ቀድሞ ኮሚኒስቶችን ይመርጥ የነበረው ላብ አደር ቤተሰቡ ወደ ሌፔን ፓርቲ ዞሯል። በጽዳትና በፋብሪካ ሥራ የደከሙት እናቱ እሳቸውም አንድ ጊዜ እንደመረጡት ያምናሉ፤ ለማስጠንቀቂያ ያህል እንጂ ሰውየው እንዲነግሥ አልነበረም ይላሉ። ልጅየው «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለውን ሙሉ በሙሉ አያምንም፤ ግን ቃላቸውን አይሰርዝም። የቤቱን ዘረኝነትም አያለዝብም። ግራ ክንፉ ስለ መደብ መናገር ሲተው «እኛ ሠራተኞች» የሚለው አንድነት ፈርሶ «እኛ ፈረንሳዮች» በሚል እንደተተካ ይከራከራል፤ የአሠሪውን ቦታም መጤው ያዘ።

ሉዊ በ2017 ሁለተኛ ዙር ዋዜማ ለኒውዮርክ ታይምስ የጻፈው መጣጥፍ ይበልጥ ቁጡ ነው። ፋብሪካ ጀርባቸውን የሰበረባቸው አባቱ ማሪን ሌፔንን የሚመርጡት ሰው እንዲያያቸው ነው ይላል። ከጽሑፉ የማይረሳው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ ልቦለዱን ያነበበ አንድ የፓሪስ አርታኢ፣ እንዲህ ያለ ድህነት ከቀረ መቶ ዓመት አልፎታልና ማንም አያምንህም ብሎ መለሰው። አድልዎ ሁልጊዜ ከባለቤት የሚወርድ ትእዛዝ አይደለም፤ አንዳንዴ እንዲህ በቅን ልቦና አለማመን ነው።

ቢሆንም የኤሪቦን መጽሐፍ ይበልጣል። በሉዊ መጣጥፍ አባት የአንድ ክርክር ማስረጃ ይሆናሉ፤ ድምፃቸውም እንደ ሕመም ጩኸት ብቻ ሊነበብ ይችላል። ድምፁ ግን የሚያርፍበት ሰው አለ። በፓሪስ ወይም በማርሴይ የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ ወረፋ የያዘ ስደተኛ የመራጩን ችግር ሊረዳ ይችላል፤ ድምፁ በእሱ ላይ መሰጠቱን ግን አይረሳም። ኤሪቦን ሁለቱንም ይይዛል። ደግሞም ራሱን ነጻ አያወጣም፤ ፓሪስ ከገባ በኋላ የመጣበትን መደብ በኀፍረት ሲደብቅ እንደኖረ ይናገራል። እናቱን ካልሰሟቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነበር።

በ2017 ማክሮን 66.1፣ ሌፔን 33.9 በመቶ አገኙ፤ የውጤቱ ሠሌዳ ሁለት ስም ብቻ ነበረው። ኮሮጆው ድረስ ሄደው ባዶ ወይም ዋጋ ቢስ ወረቀት የከተቱት ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ መራጮች ከመቶኛው ስሌት ውጭ ናቸው። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ለመስማት የኤሪቦንን ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጠይቆ፣ መልሱን ተጠራጥሮ፣ ግን እንዳለ ማስቀመጥ።