አጥሩና የእግር መንገዱ፦ የኖቲንግ ሂል ፈረስ መጋለቢያ ለምን ጠፋ?

በምዕራብ ለንደን፣ ኖቲንግ ሂል ላይ ስለነበረው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ የሚነገረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በጭቃ ነው። ጆን ዋይት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1837 «ሂፖድሮም» ብሎ ሜዳውን ከፈተ፤ አፈሩ ውኃ የሚቋጥር ሆነና ፈረስ አላስረግጥ አለ፤ በ1841 የመጨረሻው ውድድር ተካሄደ፤ ከዚያም ቦታው ቤት ተሠራበት። ትረካው ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ጥፋቱን በሙሉ አፈሩ ላይ ጥሎ ሰዎቹን ከታሪኩ ያስወጣቸዋል። ሜዳውን አስቀድሞ የረታው ጭቃው አልነበረም፤ መካከሉን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ተራ የእግር መንገድ ነበር። ጭቃውም ቢሆን በዚያው ጭቃ ይተዳደሩ ከነበሩት ጎረቤቶች ተነጥሎ ሊተረክ አይገባውም።

ነገሩን ከመሬቱ እንጀምር። ዛሬ በለንደን ቤት እጅግ ከሚወደድባቸው ሰፈሮች አንዱ የሆነው ኖቲንግ ሂል ያን ጊዜ በኬንሲንግተን አጥቢያ ሥር ያለ ገጠር ነበር፤ ሣር፣ የከብት ግጦሽ፣ ጥቂት የእርሻ ቤቶች። ባለርስቱ ጄምስ ዌለር ላድብሮክ ነበር። በ1821 ከፓርላማ ባገኘው ልዩ ሕግ መሬቱን ለግንባታ እስከ 99 ዓመት በሊዝ ለመስጠት ተፈቀደለት። በ1823 አርክቴክቱ ቶማስ አላሰን በርስቱ ላይ አንድ ግዙፍ ክብ ጎዳና የሚያሳይ ንድፍ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ የ1825ቱ የገንዘብ ቀውስ እንግሊዝን መታ፤ ባንኮች ተዘጉ፣ ግንበኞች ከሰሩ፣ ክቡም በወረቀት ላይ ቀረ። ኮረብታው ከዐሥር ዓመት በላይ ሣሩን እንደለበሰ ቆየ። ዋይት በ1836 መጥቶ 140 ኤከር፣ በእኛ ልኬት አንድ ጋሻ ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሬት፣ ለ21 ዓመት ሲከራይ ባለርስቱ እምቢ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። ከላድብሮክ በኩል ሲታይ የፈረስ ሜዳው የቤት ገበያው እስኪያንሠራራ ድረስ መሬቱ ኪራይ እንዲያስገኝ የሚያደርግ ጊዜያዊ መላ ነበር።

የዋይት ሐሳብ ግን ጊዜያዊ አልነበረም፤ ብልኅም ነበር። የኮረብታው አናት ለተመልካች መቆሚያ፣ ዙሪያው ለፈረስ መሮጫ እንዲሆን አሰበ። አናቱ ላይ የቆመ ሰው እሽቅድምድሙን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይከለል ሊያይ ይችላል፤ በጊዜው በነበሩት ታላላቅ ሜዳዎች ይህ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አልነበረም። የመሰናክል ዝላይ መስመርና የልምምድ ቦታም ጨመረበት። ለክብር አዛዥነት የቼስተርፊልድን ኧርልና በለንደን ሳሎኖች በአለባበሱ የታወቀውን ፈረንሳዊ ካውንት ዶርሴን አመጣ። ከሁሉ የሚበልጠው አዲስ ነገር አጥሩ ነበር። ኢፕሶምና አስኮት ክፍት መስኮች ላይ የተመሠረቱ ነበሩ፤ ሀብታሙ ለሠገነት ይከፍል፣ ድኻው ሣሩ ላይ ቆሞ በነጻ ያይ ነበር። ዋይት ሜዳውን ሰባት ጫማ ከፍታ ባለው የሣንቃ አጥር ዙሪያውን ዘጋው፤ እግረኛም ሆነ ባለሠረገላ በር ላይ ሳይከፍል እንዳይገባ አደረገ። የስፖርት መጽሔቶቹ አወደሱት። የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው ሰኔ 3 ቀን 1837፣ ቪክቶሪያ ከመንገሧ 17 ቀን አስቀድሞ ነበር።

አጥሩ ግን አንድ ነገር በውስጡ ዘግቶ ነበር። ከደቡቡ አውራ ጎዳና ተነሥቶ ኮረብታውን እያቋረጠ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኬንሳል ግሪን አቅጣጫ የሚወስድ የሕዝብ የእግር መንገድ ነበር። በእንግሊዝ ሕግ ሰው ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የሚመላለስበት መንገድ የመሬቱ ባለቤት ቢለወጥም መሬቱ ቢከራይም አይሞትም፤ በሕግ አግባብ እስካልተዘጋ ድረስ ማንም ያለ ክፍያ ሊሄድበት ይችላል። ዋይት መብቱን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም የሚለው ጥያቄ ብዙም አያሳስበኝም። ሣንቃውን የተከለው መንገዱ ላይ ነው፤ ጉዳዩ ይህ ነው።

መልሱ አልዘገየም። በመክፈቻው ዕለት ሰዎች መንገዱ በሚገባበት በኩል አጥሩን ቆርጠው ብዙ ሰው ሳይከፍል ገባ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአጥቢያው ሰዎች መሣሪያ ይዘው ዳግመኛ መጡና መንገዱን ከፈቱት። እዚህ ላይ የጊዜውን ጋዜጦች በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። የገቡትን ሰዎች የሚገልጹት በቁሻሻ፣ በስካርና በስድነት ነው፤ ባለሠረገላውን እንግዳ የሚያስቀይም ግርግር አድርገው ይሥሏቸዋል። ዘጋቢው የቆመው በአጥሩ በየትኛው ወገን እንደሆነ ከቃላቱ ይታወቃል። በመንገዱ የመሄድ መብት ያለው ሰው በመንገዱ ስለሄደ እንደ ወራሪ መቆጠሩን እነዚያ ዘገባዎች እንደ እንግዳ ነገር አላዩትም። ከእነርሱ የሚቀዱ የኋላ ጸሐፊዎችም «ግርግር» የሚለውን ቃል ሳይመረምሩ ተቀብለውታል፤ ይህ ከባድ ጉድለት ነው።

እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? ከሜዳው በስተምዕራብ፣ ኖቲንግ ዴል በተባለው ዝቅተኛ ቦታ፣ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። አንደኞቹ ሸክላውን እየቆፈሩ ጡብ፣ የጣራ ሸክላና ማሰሮ የሚሠሩ ናቸው። ሁለተኞቹ አሳማ አርቢዎች ነበሩ፤ በ1810ዎቹ መጨረሻ ከመሀል ከተማው ተገፍተው ወደዚህ የመጡ ሰዎች፣ ከሀብታም ወጥ ቤቶች የተጣለ ትርፍራፊ እየሰበሰቡ አሳማቸውን የሚቀልቡ። ሰፈሩም በእነርሱ ሥራ «ፖተሪስ ኤንድ ፒገሪስ» ተባለ። ወደ ሜዳው ከሚያስገቡት መንገዶች አንዱ በዚያው በፖተሪ ሌን በኩል ነበር። የጋላቢው ጠላት ሆኖ የምናየው አፈርም የእነርሱ እንጀራ ነበር። ዝናብ ሲመታው የሚያጣብቀው፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚሰነጣጠቀው ዋልካ መሰል አፈር ወደ እቶን ሲገባ ጡብ ይሆናል። ሣሩ ሥር ምን ዓይነት አፈር እንዳለ ለማወቅ ወደ ዴሉ ወርዶ ጉድጓዶቹን ማየት ይበቃ ነበር። ዋይት ከጎረቤቶቹ ጋር ከመጣላት ይልቅ ቢያነጋግራቸው ኖሮ ስለ መንገዱም ስለ አፈሩም በአንድ ቀን ሊነግሩት ይችሉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ክርክሩ ወደ ፓርላማ አመራ። ነዋሪዎች አቤቱታ አቀረቡ፤ መንገዱን የሚመለከተው የዋይት ወገን ረቂቅ ሕግም ሳይጸድቅ ቀረ። ዋይት ተሸነፈ። መንገዱ ያለበትን የምሥራቁን ክፍል ለቅቆ ሜዳውን ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ አሸሸው፤ በ1839 አዲሱን መስመር ዘርግቶ በወጣቷ ንግሥት ስም «ቪክቶሪያ ፓርክ» አለው። የንግሥቷ ስም ግን አፈሩን አላደረቀውም። በአዲሱ መስመር ላይ ልምምድ ማድረግ የሚቻለው በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ሆነ፤ አንዳንድ ጋላቢዎች መሬቱ አደገኛ ነው ብለው ፈረሳቸው ላይ አንወጣም አሉ። ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው በሜዳው የተካሄዱት የውድድር ጉባኤዎች 13 ብቻ ናቸው። የመጨረሻው በሰኔ 1841 ሆነ፤ ሠዓሊው ታናሹ ሄንሪ አልከን የዚያን ዕለት የመሰናክል ዝላይ በተከታታይ የኅትመት ሥዕሎች አስቀርቶታል። በ1842 ዋይት ሊዙን ለቀቀ።

ስለዚህ ጭቃው ታሪኩ ውስጥ አለ፤ ቦታው ግን ሁለተኛ ነው። እርግጥ ነው፣ መንገዱ ባይኖር ኖሮም አፈሩ ያው አፈር ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከባድ አፈር ግን ሜዳን ያዳክማል እንጂ በአምስት ዓመት አይገድልም፤ ቦይ ይቀደድለታል፣ ውድድሩ በደረቁ ወራት ይደረጋል። ዋይት ለዚህ የሚሆን ጊዜና ገንዘብ ያጣው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአጥርና በአቤቱታ ስለጨረሳቸው ነው። ያቋቋመውን ሜዳ ግማሹን ጥሎ ሌላ ሜዳ ከመጀመሪያው እንዲሠራ ያስገደደውም መንገዱ ነው። በዚህ ላይ ንግዱ የቆመው በመኳንንት ደንበኞች ነበር፤ እነርሱ የከፈሉት ደግሞ ከተራው ሕዝብ ለመለየት ጭምር ነው። አጥሩ መለየት ካልቻለ የሚሸጠው ነገር አልነበረም።

ሐሳቡ ራሱ ከንቱ እንዳልነበር በኋላ ታይቷል። ዙሪያው የታጠረ፣ ማንም ሳይከፍል የማይገባበት የፈረስ ሜዳ በ1875 በሳንዳውን ፓርክ ተሠርቶ ተሳካ፤ እስከ ዛሬም ይሮጥበታል። ዋይት ይህን የሞከረው ከ38 ዓመት በፊት ነበር። በሳንዳውን ጊዜ ተመልካቹን የሚያመላልስ ባቡር ነበረ። ዋይት ባቡሩን ሳይጠብቅ ለከተማ የቀረበ ቦታ መምረጡ ያስመሰግነዋል፤ ለከተማ የቀረበ መሬት ግን ሰው የሚመላለስበት መሬት ነው። ስሌቱ የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ሜዳው ከጠፋ በኋላ የሆነውን ብዙዎች በጥድፊያ ያልፉታል፤ ለእኔ ግን የታሪኩ ዋና ማስረጃ ያለው እዚህ ነው። መሬቱን ከተረከቡት ገንቢዎች አንዱ የሆነው ጄኮብ ኮኖፕ በ1845 ከሰረ። በዚያው ዓመት ተመልካች ይቆምበት በነበረው የኮረብታ አናት ላይ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ተመረቀ። ኮረብታውን እየከበቡ የሚወርዱት እንደ ላንስዳውን ክረሰንትና ስታንሊ ክረሰንት ያሉ የጨረቃ ቅርጽ ጎዳናዎች ተከተሉ። አስጎብኚዎች እነዚህ ጎዳናዎች የፈረሶቹን መሮጫ ተከትለው የተሠሩ ናቸው ይላሉ፤ ደስ የሚል ተረት ቢሆንም አልቀበለውም። ክብ ጎዳና በርስቱ ላይ የታሰበው በ1823 በአላሰን ንድፍ፣ ፈረስ ሳይረግጠው ነው፤ የጎዳናዎቹ መዞርም የሚስማማው ከኮረብታው አቀማመጥ ጋር ነው። ሂፖድሮሙ ለከተማው የተወለት ሌላ ነገር ነው። በቤቶቹ ጀርባ፣ ከመንገድ የማይታዩ፣ የዙሪያው ነዋሪዎች ብቻ በቁልፍ የሚገቡባቸው ሰፋፊ የጋራ የአትክልት ቦታዎች ተሠሩ። ዋይት በሣንቃ ሊያደርገው ያልቻለውን ገንቢዎቹ በቤት ግድግዳ አደረጉት። ግድግዳው ደግሞ የማንንም የእግር መንገድ አላቋረጠም፤ መሬቱ በሕጋዊ ጎዳናዎች ተከፋፍሎ ስለነበር የሚቆረጥ አጥር፣ የሚቀርብ አቤቱታ አልነበረም። ያልከፈለ እንዳይገባበት የታሰበው አረንጓዴ ቦታ በዚህ መልክ እስከ ዛሬ አለ።

የአጥሩ ማዶ ሰዎችስ? በ1840ዎቹ መጨረሻ በፖተሪስ ወደ 1,000 ሰዎችና ወደ 3,000 አሳማዎች አብረው ይኖሩ ነበር። ጡብ ሠሪዎቹ የቆፈሩት ጉድጓድ የቆመ ውኃ ሞልቶት ሕዝቡ «ውቅያኖስ» ይለው ነበር። ከ1846 እስከ 1848 ባሉት ሦስት ዓመታት በሰፈሩ የሟቾች አማካይ ዕድሜ 11 ዓመት ከ7 ወር ሆኖ ተመዘገበ፤ ይህን ያወረደው የሕፃናቱ ሞት ብዛት ነው። በ1849 ኮሌራ ገባ። በ1850 ቻርልስ ዲከንስ የሚያዘጋጀው ሳምንታዊ መጽሔት ሰፈሩን ከውብ ጎዳናዎች ጥግ ያለ የበሽታ ጉድጓድ አድርጎ ለመላው አገር አሳየ። ይህን ቁጥር ከ1837ቱ ዘገባዎች አጠገብ ማስቀመጥ ይገባል። ጋዜጦቹ በቁሻሻ የከሰሷቸው ሰዎች ቁሻሻው ልጆቻቸውን ይገድልባቸው ነበር። ከተማው የጉድጓዱን ቦታ የሕዝብ መናፈሻ አድርጎ፣ አቮንዴል ፓርክ ብሎ የከፈተው በ1892 ነው። በአቅራቢያው በዎልመር ሮድ ከሸክላ ሠሪዎቹ እቶኖች አንዱ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ሁለት ሥራዎች የዚህን ሜዳ ታሪክ ለማንበብ መነሻ ሆነው ይጠቅማሉ፤ የፍሎረንስ ግላድስተን የ1924 መጽሐፍና «ሰርቬይ ኦቭ ለንደን» የተባለው ታላቅ ተከታታይ ሥራ በ1973 ያወጣው 37ኛ ቅጽ። የመጀመሪያው የሰፈሩን ትዝታ ሰብስቧል፤ ሁለተኛው የሊዝ ሰነዶችን በጥንቃቄ መርምሯል። ሁለቱንም አከብራለሁ። ሁለተኛው ግን ሂፖድሮሙን የሚያስቀምጠው በላድብሮክ ርስት ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ ፖተሪስን የሚያስቀምጠው ደግሞ በሌላ ምዕራፍ ነው። ለአከፋፈሉ ምክንያት አለው፤ ሥራው የተደራጀው በርስት ባለቤትነት ነውና። ነገር ግን በዚህ አከፋፈል አጥሩን የሠራውና አጥሩን የቆረጠው በተለያየ ገጽ ይገኛሉ፤ አንባቢ አንዱን አንብቦ ሌላውን ሊያልፈው ይችላል። የአልከን ሥዕሎችም በየመጽሐፉ የሚታተሙት ፈረሶቹ መሰናክል ሲዘልሉ ስለሚያሳዩና ውብ ስለሆኑ ነው፤ በ1837 ስለተቆረጠው አጥር የሚነግሩን ነገር የለም።

ስለዚህ ሜዳ የሚጽፍ ተመራማሪ የስፖርት መጽሔቶቹን ከአጥቢያው መዝገብና ከፓርላማው አቤቱታ ጋር ጎን ለጎን ያንብብ፤ የላድብሮክንና የፖተሪስን ምዕራፎችም እንደ አንድ ምዕራፍ ይቁጠራቸው። ሜዳው ለምን ጠፋ ተብሎ ሲጠየቅም ምክንያቶቹን በቅደም ተከተላቸው ያስቀምጥ፤ መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ ጭቃውን።