ለቀርፋፋ መኪና ጥብቅና

የመኪና ጌም የሚጫወት ሰው ውሎ አድሮ ወገን መምረጡ አይቀርም። ወይ የፈጣን መኪና ሰው ነው ወይ የቀርፋፋ። እኔ የቀርፋፋ ነኝ። ይህን ስናገር ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ ሳቅ ነው፤ በተለይ እዚህ ሚዛን። «ቀርፋፋ ከፈለግክ ውጪ ሞልቶልሃል፣ ባጃጅ ተሳፈር» ያለኝ ልጅ አለ። ቀልዱ ጥሩ ነው። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራውም እሱ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። ቀርፋፋ መኪና መውደድና ቀስ ብሎ መንዳት አይገናኙም። የእንቁላሏን ተረት ልታመጡብኝ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቷት። የምናገረው አቅሟ ትንሽ የሆነች መኪና ይዞ፣ ያለቻትን ጉልበት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አሟጦ ስለ መንዳት ነው።

ጌም ቤት ውስጥ እንደምታውቁት የሚበዛው ኳስ ነው። አልፎ አልፎ አንዱ ኳስ ይሰለቸውና መኪና ያስከፍታል። የትኛውን እንደሚያነሳ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ዝርዝሩን እስከ ታች ያወርድና መሬት ላይ የተለጠፈውን፣ ውዱን፣ ስሙን ለመጥራት የሚያስቸግረውን ይመርጣል። ይሄ የጣዕም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሒሳብም አለበት። ልጁ የከፈለው ለደቂቃ ነው። ቀርፋፋዎቹ መኪኖች ደግሞ ክብር የሚያገኙት በረጅሙ ጉዞ ውስጥ ነው፤ ከምንም ተነስቶ፣ ተወዳድሮ፣ ብር አጠራቅሞ፣ አንድ ጎማ ቀይሮ ሌላ ውድድር መግባት። ያ ጉዞ ሴቭ መደረግ አለበት። ሃምሳ ሰው በሚነካካው ማሽን ላይ ሴቭ ያደረጉትን በማግስቱ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል፤ መብራት ከሄደማ አለቀ። ስለዚህ የፈጣን መኪና ፍቅራችን ግማሹ ከልብ የመጣ ነው፣ ግማሹ ከኪራዩ።

ሌላውን ያስተማሩን ራሳቸው ጌሞቹ ናቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዎንትድ»ን ውሰዱ። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ እኛ ጋ ዕድሜው ረዝሟል። ሲጀምር ቢኤምደብሊው ኤም 3 ጂቲአር ያስረክባችኋል፣ ድምፁ ብቻ ፀጉር ያቆማል። ብዙም ሳይቆይ ሬዘር የሚባለው ሰውዬ በተንኮል ያሸንፋችሁና መኪናው ይወሰዳል። ከዚያ ፊያት ፑንቶ፣ ጎልፍ፣ እንዲህ እንዲህ ካሉት አንዱን ገዝታችሁ ከታች መጀመር ነው። ልብ በሉ፤ ፑንቶዋ እዚህ ቅጣት ናት። የአሥራ አምስቱ ተፎካካሪዎች ዝርዝር፣ የፖሊሱ ማሳደድ፣ ሁሉም ነገር ከእሷ ወርዶ ወደ ኤም 3 ለመመለስ የተሠራ መሰላል ነው። እንደ ተረት ግሩም ነው። ፖሊስ የሚያሳድድበትን ክፍል ደግሞ እስካሁን የሚበልጠው አላየሁም። ትንሿን መኪና እንድንንቃት ያሳደገን ግን እሱ ነው።

«ግራን ቱሪዝሞ» ከዚያ በፊት፣ በ1997፣ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። በእጃችሁ 10,000 ክሬዲት ይሰጣችሁና ሂዱ ያገለገለ መኪና ግዙ ይላችኋል። መንጃ ፈቃድም ትፈተናላችሁ፤ የመጀመሪያው ፈተና ተነስቶ፣ ሄዶ፣ የተሰመረው ቦታ ውስጥ መቆም ነው። በቃ፣ መቆም! የመኪና ጌም ከመቆም ሲጀምር አስቡት። አራተኛው ጌም ላይ ጭራሽ የ1886ቱን የዳይምለር ሠረገላ ከዝርዝሩ ከተቱት፤ ፈረሱ የወጣለት ጋሪ በሉት። እዚህ ያለው ፍቅር የሙዚየም ጠባቂ ፍቅር ነው፣ ትንሹም ትልቁም አቧራው ተጠርጎ ይቀመጣል። ይሁንና ግራን ቱሪዝሞም ቢሆን ብሩ በተጠራቀመ ቁጥር ወደ ላይ ይገፋችኋል፤ የመጀመሪያዋ መኪናችሁ ጋራዥ ውስጥ ተረስታ ትቀራለች። «ፎርዛ ሆራይዘን 5»ማ (2021) ገና መግቢያው ላይ መርሰዲስ ኤኤምጂ ዋን ያስነዳችኋል፣ ከዚያም መኪና በዕጣ ይረጨዋል። ያማረ ጌም ነው፣ ግን ሠርግ ቤት ይመስላል፤ ሳይርባችሁ ይቀርብላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ መሪው ጋ እንምጣ። «አሴቶ ኮርሳ» በ2014 የወጣ የጣሊያኖች ሥራ ነው። እኔ የምጫወተው ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ፣ በኪቦርድ ነው። ከመኪኖቹ መሃል 963 ፈረስ ጉልበት ያለው ላፌራሪ አለ፣ 160 ፈረስ ጉልበት ያላት አባርት 500ም አለች። እውነተኛ መኪና ውስጥ ሰው የሚነዳው በመቀመጫውም ጭምር ነው፤ ጎማው መንሸራተት ሲጀምር ገላችሁ ከዓይናችሁ ቀድሞ ያውቃል። ስክሪን ፊት ይሄ የለም። የቀረን ዓይንና ጆሮ ነው። አባርቷ ኩርባ ላይ ጎማዋ ሲያቅተው አስቀድማ ታቃስታለች፤ ሰምቶ፣ አስቦ፣ ጣትን አንስቶ ለማስተካከል ጊዜ አለ። ላፌራሪው ላይ ጩኸቱን በሰማችሁበት ቅጽበት ፊታችሁ ወደ መጣችሁበት ዞሯል። ኪቦርድ ላይ ደግሞ ነዳጅ ወይ ሙሉ ነው ወይ ዜሮ። ጌሙ ትንሽ ያለሳልሰዋል እንጂ ከዚያ ሁሉ ጉልበት ሩቡን ብቻ ልስጥ ማለት አይቻልም። ውድ መሪና ፔዳል ለሌለን ሰዎች ትንሿ መኪና ናት ሙሉ በሙሉ የምትነዳው፤ ትልቁን ይዘነው እንወድቃለን እንጂ አንነዳውም።

ሌላም አለ። ፈጣን መኪና ይቅር ባይ ነው። ኩርባው ላይ አጉል ፍሬን ይዛችሁ ሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብትጥሉ፣ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ አንዴ ስትረግጡት ይመልስላችኋል። ትንሿ ግን እንደ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ናት፤ የጣላችሁትን እዚያ ጋ ጽፋ እስከሚቀጥለው ኩርባ ድረስ ታስከፍላችኋለች። ጂቲ 7ን የነዳሁት አዲስ አበባ ዘመዴ ጋ ነው። የ1968ቷን ፊያት 500 ይዤ ኑርቡርግሪንግ ገባሁ። 18 ፈረስ ጉልበት ገደማ ያላት መኪና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የጀርመን ጫካ ስትዞረው ከአሥር ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል። በዓለም ላይ ያንን መንገድ በአጭር ጊዜ የዞረው ፖርሽ 919 ኢቮ በ2018 የፈጀበት 5 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ነው። የእሱን ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል፤ ዛፉ ሁሉ አረንጓዴ ጭረት ነው። ፊያቷ ውስጥ ሆናችሁ ግን መንገዱ ዳገት እንዳለው ታውቃላችሁ። ዳገት! ፖርሹ ላይ ዳገት የሚባል ነገር መኖሩን ማን ያስተውላል?

ይሄ ነው ወደ ባጃጁ ቀልድ የሚመልሰኝ። ልጁ የሚለው እንዲህ ነው፦ ጌም የሌለንን እንዲሰጠን ነው የተሠራው፤ ቀርፋፋውን ቀኑን ሙሉ እያየሁ ለምን ማታ ደግሞ ገንዘብ ከፍዬ እነዳዋለሁ? ከአዲስ አበባ ሚዛን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ለመጣ ሰው ይህ ክርክር ሥጋና ደም አለው። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት ለእኛ ከጨረቃ እኩል ሩቅ ነው፣ ጨረቃን መመኘት ደግሞ ኃጢአት አይደለም።

መልሴ ግን፣ ቀርፋፋውን አየነው እንጂ አልነዳነውም የሚል ነው። ከጅማ ወጥታችሁ ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት አስታውሱ። ተሳፋሪው ይተኛል፣ ወይ ስልኩን ይነካካል። ሾፌሩ ግን ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ያደርጋል፣ ፍሬኑ እንዳይግል ይቆጥባል፣ ከወንዙ ማዶ ለሚጠብቀው ዳገት ደግሞ ከአሁኑ ያስባል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናውን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ትምህርት ቤት ባይነግሩትም እግሩ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ከኋላ ወንበር አናየውም። «ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2»ን (2012) ስጫወት ነው ከወንበሩ ጀርባ ምን እንዳለፈኝ የገባኝ። ሃያ ቶን ጭናችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ የሞተር ፍሬን ካልተጠቀማችሁ መንገዱ ራሱ ያስረዳችኋል።

ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ግን የጭቃው ጌም፣ «መድረነር» (2017) ነው። መኪኖቹ የድሮ የሶቪየት ካሚዮን ናቸው፤ ስማቸው በፊደልና በቁጥር ተደብቋል እንጂ ኡራልን ያየ ሰው ኡራሉን አያጣውም። ጫካ፣ ውሃ፣ ጭቃ፣ ግንድ ጭኖ ማድረስ። አንድ መቶ ሜትር ለማለፍ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ጎማው ሲያሽከረክር ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ይብስባችኋል። ክረምት ላይ ከዋናው አስፋልት ወጣ ብሎ ቡና ሊጭን የሄደ አይሱዙ ያየ ሰው ይህን ማንም እንዲያስተምረው አይፈልግም። ጌሙ ውስጥ ሽቦውን ዛፍ ላይ አስራችሁ ራሳችሁን ትጎትታላችሁ። እኛ ጋ ሰፈሩ ይወጣና ይገፋል፤ ጌሙ ሰው አልባ መሆኑ ነው ትልቁ ጉድለቱ።

ፍጥነትን በተመለከተ እኛ ራሳችን የጻፍነው ሒስ አለ፣ ያውም በቅጽል ስም። ጭነት ይዞ የሚበረውን አይሱዙ «አልቃይዳ» ያለው ሕዝቡ ነው። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለውም እንደዚያው። እነዚህን ስሞች ያወጣ ሰው ፍጥነት መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው ነው፤ ስለ ቀብር ነው የሚያወራው። ዳገት ላይ እያቃሰተ ለሚወጣው ለአሮጌው ፊያት 682 ግን ቅጽል እንኳ አላወጣንለትም፤ ከፋብሪካ ስሙ «ኤንትሬ»ን ወስደን እንደ ልጅ ስም ጠራነው። ጌም ነጂን ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል እያልኩ አይደለም፣ እሱን ወሬ ለሌላ ተዉት። የምለው፣ ጌሞቹ ስለ ፍጥነት የሚነግሩንና እኛ የምናውቀው እንደማይገጥሙ ነው፤ ቀርፋፋዋን መኪና ስንመርጥ ነው ሁለቱ ትንሽ የሚቀራረቡት።

ኤንትሬ ከጌሞቹ ጋር ከሚመጡት መኪኖች መሃል አላገኘሁትም። አንድ ቀን አንዱ የእኛ ልጅ ቢሠራው መኪናው ብቻ አይበቃም። ከጎጀብ ወደ ቦንጋ የሚወጣውን መንገድ፣ ጭጋጉን፣ ከላይ እየወረደ ጥሩምባ የሚነፋውን አውቶቡስ ይሥራልን። ከሁሉ በፊት ግን ረዳቱን ይሥራ፤ ሞተሩ ዳገቱ መሃል ሲሞት፣ ማንም ሳያዝዘው ከላይ ዘሎ ወርዶ፣ ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር የሚሸጉጠውን።